መርፌው መሀል ላይ ነው

ይግቡ እማማ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉ ገና አልተጠረገም። መስኮቱ ጋ ይሻልዎታል፣ ሻዩም ትኩስ ነው። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ የሚወጋዎት ተወዎት?… እሰይ። ልጅዎ አለ፣ እዚያ ማዶ ክፍል ጋዜጣ ያነባል። በሩን ልዝጋው እንዴ?… ይሁን፣ አየር ይግባ።

ለአባቴ መኪና ገዢ አገኙ ሲሉ ሰማሁ። ደግ አስበዋል። ካረጀ ወዲያ ምን ይሠራል? ብቻ ከዚያ በፊት የአንድ የማውቀውን ሰው ነገር ላጫውትዎት። እርስዎ አያውቁትም… ቢያውቁትም ከልጅነቱ ብቻ ነው።

ባለሙያ ነው። እሱ የነካውን ዕቃ ሁለተኛ ሰው ሊነካው አይደፍርም። ይህም ሰው አማቱ ትቶላቸው የሞተ አሮጌ መኪና ነበረው። የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ መቼም አምፔር መለኪያ አለ። አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ፣ “መርፌው ወደ ቀኝ ካለ ባትሪው እየጠገበ ነው፣ ወደ ግራ ካለ እየተራበ ነው፣ መሀል ከቆመ ሰላም ነው” ይለኝ ነበር። ይህ ሰው ደግሞ ስልኩ ላይ አነበበና፣ የመኪናው ኤሌክትሪክ በሙሉ በዚያች መለኪያ ስለሚያልፍ ካረጀች እሳት ታስነሳለች አለ። እውነቱን ነው፣ ማን ይክደዋል? ቅዳሜውን ሙሉ ሲታገል ውሎ አወጣትና በቮልት መለኪያ ተካት። ሽቦዎቹንም በትክክል ነው ያገናኛቸው። የቀረችው ከመለኪያው ጋር የመጣችውን ወረቀት ማንበብ ብቻ ነበረች። ባለሙያ ደግሞ ወረቀት ያነባል እንዴ?

ሞተሩ ሲነሳ መርፌው ቀጥ ብሎ መሀል ላይ ቆመ። “አየሽ? ሰላም ነው” አላት… ሚስቱን ነው። አዲሱን መለኪያ በአሮጌው ልማድ አነበበዋ። የቮልት መለኪያ ላይ መሀሉ አሥራ ሁለት ነው፤ ሞተር እየሠራ አሥራ ሁለት ካለ ባትሪው ምንም አይገባለትም፣ ያለውን እየጨረሰ ነው ማለት ነው። አሥራ አራት ነበር ማሳየት የነበረበት። ሚስትየው መብራቱ ደክሟል አለችው። “መርፌው መሀል ላይ ነው።” የክላክሱ ድምፅ ሰለለ አለችው። “መርፌው መሀል ላይ ነው።” በአራተኛው ቀን መርፌው ወደ ግራ ሲያዘነብል ምን ቢል ጥሩ ነው? “ስገጥመው ትንሽ አጣምሜው ነው።” እንዲህ ጥፋቱን የሚያምን ባል ከየት ይገኛል እማማ? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ… ባትሪ ይምከረው።

ባትሪውም መከረው። ሚስትየው አሥራ አራት ዓመት ባስተማረችበት ትምህርት ቤት ለርዕሰ መምህርነት ልትጠየቅ በምትሄድበት ጠዋት፣ በዚያ ዝናብ። የት ቢቆም ጥሩ ነው? አደባባዩ መሀል። መሀል ይወዳላ። በአዲሱ ጫማዋ ገፋች፤ እሱ መሪ ይዞ ነበር፣ መሪ መያዝ ይችልበታል። ስትደርስ ጠያቂዎቹ ተነስተው ሄደዋል። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እስካሁን ያንገበግበኛል… ለሷ ማለቴ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የልቡ ደግነት ነው። ከቤቱ ሰው ማንንም አልወቀሰም፤ “የሽማግሌው መኪና ጉድ ሠራን” ብሎ ብቻ ለሰፈሩ አወራ። ሟች መቼ መልስ ይሰጣል? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምተው ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ አስተምሮ ሲያበቃ እናትየዋን ከሰሰ።

ትናንት ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ ኖሯል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሲያጠብቀው መርፌው አሥራ አራት ላይ ወጣ። “ይህ መለኪያ ሰሞኑን ለማን ነበር የሚናገረው?” ብሎ ጠየቀ። 

አንዴ ሻይዎን ይያዙልኝ እማማ፣ ጠረጴዛው ሊነቃነቅ ነው… ይችውልዎት የመለኪያው ወረቀት። የጠረጴዛው እግር ሥር አጥፎ ሸጉጧት ኖሮ። ያ ሰው እኛም ቤት ብቅ ይላል፣ አልነገርኩዎትም እንዴ?

ገዢውን ያመስግኑልኝ፣ መኪናው አይሸጥም። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሌላ ትምህርት ቤት ቦታ ይከፈታል አሉ፤ ያኔ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ጋዜጣው ጸጥ አለሳ?… ይስማ፣ ምርቃት ነው። እኔ ለዚያ ሰው ክፉ አልመኝም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ትዳሩን ይባርክለት። ሚስቱ ድምፅዋን ከፍ አታድርግበት፣ ፊቷም አይጥቆርበት። ባያት ባያት፣ መርፌዋ ምንጊዜም መሀል ላይ ቆሞ ይታየው… አሜን ይበሉ እንጂ እማማ።