ለሕፃኑ የተሰፋው ፍራሽ

የሰፈራችንን አዛውንት ፍራሽ ሰፊ የማያከብር ሰው የለም። እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት ትራስ ላስሞላ ወደ ሱቃቸው ጎራ ብዬ ያየሁት ነገር ደሜን አፈላው።

ሰውዬው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የአንዲት ትንሽ ፍራሽ ስፌት ይጨርሳሉ። ፊት ለፊታቸው የዕፅዋት ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጃቸው የሁለት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። ፍራሹ ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው በገዛ እጃቸው የሰፉት ስጦታ ነው። እሷ ግን አልወስድም ብላለች።

“ደግ መጡ፣ መምህር። እርስዎ ይፍረዱን” አሉና በርጩማ ሰጡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእድሳት የሚመጣ አሮጌ ፍራሽ ትኋኑንም ይዞ ይመጣል። ሲተረተር ትኋኑ ወደ አዲሱ ጥጥ ይሻገራል፤ ደንበኛም ትኋን ሸጡልኝ ብሎ ስማቸውን ያጠፋል። ስለዚህ ሽማግሌው ለእርሻ ማሳ የሚረጨውን መርዝ በጥብጠው ጥጡ ላይ ይረጫሉ፣ ያደርቁታል፣ ይሰፉታል። ለልጅ ልጃቸው ደግሞ ስለሚሳሱለት ሁለት ጊዜ ረጭተውለታል።

ይህን ሲነግሩኝ ኩራት ይታይባቸው ነበር። እኔ ግን ተቃጠልኩ። የመርዙ ጠርሙስ ላይ የራስ ቅል ተስሏል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አውቀን እያየን “ምን ይላል” ብለን የምናልፈው ነገር ነው የሚያናድደኝ።

“አባባ፣ ሕፃን ከሃያ አራቱ ሰዓት አሥራ ስድስቱን ፍራሽ ላይ ነው የሚያሳልፈው” አለች ልጅቱ።

“ሠላሳ ዓመት ረጭቻለሁ። ማን ሞተ?”

“ማን እንደታመመስ ጠይቀው ያውቃሉ?”

ሽማግሌው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እሷም ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። የጠጅ ሣርና የጦስኝ ዘይት ነው። ቅጠሉን በእንፋሎት አፍልታ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዛ፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ትቀዳለች። ተባይን ሲነካው እንደሚገድል፣ ሻጋታንና አንዳንድ ጀርሞችንም እንደሚያዳክም በትሕትና አስረዳቻቸው። አባትየው ብልቃጡን አሸተቱና ሳቁ፤ ትኋኑን ሽቶ ልትቀቢው ነው ወይ ሲሉ አሾፉባት።

እሷ ከአሮጌ ፍራሽ ስፌት ሦስት ትኋን ለቅማ የብልቃጡ ክዳን ላይ አደረገችና ዘይቱን አንጠበጠበችባቸው። ትንሽ ቆይተው ሦስቱም መንቀሳቀስ አቆሙ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ክዳኑን በመርፌ ነካኩት።

“ነገስ?” አሉ።

“ነገ ሽታው ይቀንሳል፤ ሽታው ሲጠፋ ኃይሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ይደጋገማል። ደግሞ ቅጠል ነው ተብሎ አይጠጣም፣ ገላም ላይ አይፈስም። ለአልጋው ስንጥቅና ለሱቁ ግድግዳ ነው። የልጄ ጥጥ ላይ እሱንም አላደርግም፤ ለጨቅላ ሳንባ ይከብዳል። ለእሱ ንጹሕ ጥጥ ይበቃዋል።”

“የእኔው አንዴ ከተረጨ ዓመት ይቆያል” አሉ አባትየው እያፌዙ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ክፉነቱ ዓመት መቆየቱ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው አልኳቸው፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ልጅቱ በዓይኗ አስታገሰችኝና ወደ አባቷ ጠጋ አለች።

“ሲረጩ ፊትዎን በምን ይሸፍናሉ?”

“በፎጣ ነዋ፣ እጥፍ አድርጌ። አለዚያማ ያንቀኛል።”

“ልጄስ በምን ይሸፈን?”

ሽማግሌው ሕፃኑን አዩት፤ ከዚያ ፍራሹን አዩት። መቀሱን አነሱና ያንን የሚያምር ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተረተሩት። ጥጡን በማዳበሪያ ከረጢት ከተው አሰሩት።

ልጅቱም የሚበጀውን ነገረቻቸው። አሮጌው ፍራሽ ከአዲሱ ጥጥ ርቆ በሌላ ክፍል ይተርተር፤ ጨርቁ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ግድግዳውና ጠረጴዛው በየሳምንቱ ዘይቱ ይረጭበት። እንዲህ ከሆነ ደንበኛው ትኋን አይገዛም፣ እሳቸውም ከዚያ ዘወትር ከሚያስነጥሳቸው አየር ያርፋሉ። እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ንጽሕናና ትንሽ ድካም የሚያስወግዱልንን ነገር በመርዝ የምናባርረው ስለምንሰንፍ ነው።

ሽማግሌው ግን የሚያስቡት ሌላ ነበር።

“ከዚህ ተሰፍተው የወጡት ፍራሾችስ?” አሉ።

ኮታቸውን ለበሱና ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። በመጀመሪያ ያንኳኩት ባለፈው ሳምንት ፍራሽ የሰፉላትን የልብስ አጣቢዋን በር ነው። ሴትዮዋ እጇን እያደራረቀች ወጣች፤ ፍራሹን ልወስደው መጣሁ ሲሏት ምን ጎድሎት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ስፌቱ ተበላሽቷል ቢሏት ታምናቸው ነበር።

“መርዝ አለበት። የጨመርኩበት እኔ ነኝ” አሉ።

ሴትዮዋ ወደ ቤት ሮጣ ገብታ የተኛ ልጇን ከፍራሹ ላይ አነሳች።