የልጅ ልጄን ታቅፌ በቀዩ በር የገባሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ እኮ ምራትሽ ስትወልድ ገንፎሽን ይዘሽ በእግርሽ ነው የምትደርሺው። እኔ ግን ከዚሁ ከሀና ማርያም ተነሥቼ አራስ ልጠይቅ ጃፓን ሄድኩልሽ። ልጄ ኤፍሬም እዚያ ሊማር ሄዶ፣ ዩኪ የምትባል የአገሩን ልጅ አግብቶ ወንድ ወለዱ።

ታዲያ አንድ ቀን ኤፍሬም፣ ነገ ሕፃኑን መቅደስ እንወስደዋለን አለኝ። የኛ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነጠላዬን ላወጣ ስነሣ፣ የለም፣ ሺንቶ የሚባለው የነሱ የጥንት እምነት መቅደስ ነው፣ የዩኪ አያት ቅድመ አያቶች ሁሉ በሕፃንነታቸው የገቡበት ነው አለኝ። እና በወጋቸው ሕፃኑን የምትታቀፈው ማን ናት መሰለሽ? የአባትየው እናት። እኔ!

ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጬ መጥቼ የልጅ ልጄን አልታቀፍም ልበል? ደግሞስ በሌላ ደጅ እንዴት ልስገድ? ይህንኑ ለዩኪ እናት ንገርልኝ አልኩት። ትንሽዬ ሴት ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ እጄን ያዝ አደረገችና፣ «እርስዎ ይታቀፉልን፤ መስገዱን እኛ እንሰግዳለን» አለችኝ። በቃ፣ ያኔ ወደድኳት።

ሄድን። መዝጊያ የሌለው ትልቅ ቀይ የእንጨት በር አለ፤ መሀሉ የአምላካቸው መንገድ ነው ስለሚሉ በዳር በዳር ገባን። እጃችንን ታጠብን፣ አፋችንን ተጉመጠመጥን። አንድ የሚያህለው የሌለ ዛፍ ደግሞ ወገቡን በገመድ ታጥቆ ቆሟል፤ እሱም ይከበራል አሉ። የዩኪ እናት ሕፃኑን አስታቀፈችኝና የሐር ልብስ ከላያችን ደርባ፣ ማሰሪያውን ከጀርባዬ ቋጠረችልኝ።

ካህናቸው ነጭ ወረቀት የተንጠለጠለበት ዘንግ አናታችን ላይ አወዛወዘ። እና ኤፍሬም በጆሮዬ፣ በዚህ አገር ልማድ ሕፃኑ ማልቀስ አለበት፣ አምላካቸው አዲስ ልጅ መምጣቱን የሚያውቀው በለቅሶው ነው አለኝ። የኔው ደግሞ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነው። ከበሮ ተመታ፣ አልነቃም። ዩኪ ጉንጩን ቆንጠጥ አደረገችው፣ አልነቃም። የእናቷ ፊት ጭልም ሲል አየሁ። ታዲያ ከበሮው እንደገና ድም ሲል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እልልታዬ አመለጠኝ። እልልልልል! ልጁ ብርግግ ብሎ እሪ አለ። ካህኑ ዘንጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረና ቀስ ብሎ ጎንበስ አለልኝ። የዩኪ እናትማ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ታዲያ ለንስሐ አባትዎ ነገሯቸው?» ትይኛለሽ አንቺ ደግሞ።

ነገርኳቸዋ። «ሰገድሽ ወይ?» አሉኝ። «ኧረ አልሰገድኩም አባቴ፣ እልል ብቻ ነው ያልኩት» ብላቸው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።