በግራዬ የቆመው

ባለቤቴ ከሰቆጣ ወጥቶ በበረሃ ወደ ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብን ነበር። ሲለየኝ ግን፣ «በስልክ አብረን የምንጫወተው የጌማችን አዲሱ ክፍል ሊወጣ ነው ያሉ ዕለት፣ የትም ብሆን እገባለሁ» ብሎኛል። ትናንት ማስታወቂያው ወጣ። ተጫዋቹ ሁሉ ስለ አዲሱ ምድርና ስለ አዲሱ ዘንዶ ሲንጫጫ፣ እኔ ልጄን እያጠባሁ የሱን ስም ብቻ ፈለግሁ። ስሙ በርቷል፤ ጌሙ ውስጥ ገብቷል!

«እሱ ነው?» አሉኝ አማቴ።

«እንጃ እማማ፣ ደላሎች እኮ ስልክ ይቀማሉ፤ ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል።»

«አንተ ነህ?» ብዬ ጻፍኩ። ግን ስልኩን የቀማውም ሰው «አዎ» ማለት ይችላል። ልጄ ጡቴን ለቃ ሽቅብ አየችኝ፤ የልቤ ምት ሳይረብሻት አልቀረም። ስንጫወት ግራዬን ማየት ስለምረሳ፣ እሱ ሁልጊዜ በግራዬ እየቆመ ይከልለኝ ነበር። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳልጽፍ በጌሙ የምጫወትባትን ባለጎራዴዬን አንድ አውሬ ፊት አቆምኳት። አውሬው በግራ በኩል ዘለለባት። ያኔ የሱ ተዋጊ ሮጦ መጣና በግራዬ ጋሻውን ደቀነ። ቀጥሎ ጽሑፍ መጣ፦ «አንቺ፣ አሁንም ግራሽን አታዪም? ደህና ነኝ፤ ኔትወርክ ገና አሁን አገኘሁ።»

«እሱ ነው እማማ! ራሱ ነው!»

«ታዲያ ምን ያጋድለዋል!» ብለው ጮኹብኝ። «ጋሻውን ያስቀምጥና ለእናቱ ይደውል በይው!»