የጤና ጣቢያችን ዋንዛ

ያ ዋንዛ ይቆረጥ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። እብናት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ ጣሪያችን ላይ ሶላር ሲገጠም ጥላው አስቸገረንና ቆረጥነው። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ወዲህ የክትባቱ ፍሪጅ ጠፍቶ አያውቅም።

በቀደም በጠራራ ፀሐይ አንድ ሽማግሌ ጉቶው ላይ ተቀምጠው አየሁ። አወቅኋቸው፤ አምና ባለቤታቸው እኛ ዘንድ ስትታከም ከርማ ነው ያረፈችው።

"አባቴ፣ ማንን አምጥተው ነው?" አልኋቸው።

"ማንንም። እዚህ ነበር የምጠብቃት።" ጉቶውን ዳበስ አድርገው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። "ለዚህ ነው የቆረጣችሁት?"

"አዎ። ጥላው ሶላሩን ይከልለዋል ብለን።"

"እሷ ውስጥ ተኝታ እኔ ጥላውን ስከተል ነው የከረምሁ። ጣሪያው ላይ የምታጠላው በዚህ በኩል የነበረችው አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ነበረች። ብትጠይቁኝ አሳያችሁ ነበር።"

ወንበር ላምጣ ብል እንቢ አሉ። ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና ተነሡ፤ ዋንዛው ቢኖር በዚያ ሰዓት ጥላው የሚያርፍበት ቦታ ድረስ ሄደው፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ።