ቅቤ የጠጣው የአሳ ዘንግ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ አሳ አጥማጅ የሚባል ሰው አልነበረም። አንድም! ቆጥሬያለሁ እኮ። ልብስ ሰፊ ዘጠኝ፣ ፀጉር አስተካካይ አራት፣ አናጢ ከእኔ ጋር ስድስት፣ አሳ አጥማጅ ግን ባዶ። ውሃችን ከጨርጨር ተራራ ይወርድና ቁልቁል ወደ ቆላው ይሄዳል፣ አብሮት የሚሄድ አሳ ያየ ሰው የለም። ታዲያ አሳ በሌለበት ከተማ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ሠሪ ሆንኩ ብል ማን ያምነኛል? አትሳቁ፣ መሳቂያው ገና ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከበደሳ በእግሬ መጥቼ፣ መጋዝና መላጊያ ራሴን በራሴ አስተምሬ፣ መንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ አናጢ ሆኜ ገብቻለሁ። የምኖረው አዴ መዲና ግቢ ነው። አዴ መዲና ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሐር ክር የሚሸጡ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያጣመሩ የሚናገሩ ሴት ነበሩ፣ ምላሳቸው ከእኔ መጋዝ ይበልጥ ይቆርጣል። እኔን «ቆጣሪው» ነው የሚሉኝ። ከቤቴ በር እስከ በራቸው አሥራ ስምንት እርምጃ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበርና።

እና ካምፑ ውስጥ መንገድ የሚለካ ሚስተር ኤሪክ የሚባል ፈረንጅ አለ። ከበረዶ አገር የመጣ ነው፣ ረዥም፣ ዝምተኛ። እሁድ እሁድ ጠዋት፣ እኛ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጭጋጉ ገና ከሜዳው ሳይነሳ፣ ይሄ ሰው ሜዳው መሃል ቆሞ በደረቅ መሬት ላይ አሳ ያጠምዳል! በእውነት ነው የምላችሁ። ዘንጉ ሦስት ቁራጭ ነው፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ይሰካል፣ ተገጣጥሞ ሲቆም በእኔ ክንድ ዘጠኝ ክንድ ተኩል። ባንድ እጅ የሚቻል አይደለም። ቀኝ እጁን ከላይ፣ ግራ እጁን ከታች እጀታው ጫፍ ላይ ያደርግና፣ ቀኙ ሲመራ ግራው ወደ ሆዱ ይስባል። ገመዱ ከሐር የተፈተለ ነው፣ ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ከትንሽ ቆርቆሮ ስብ እየዛቀ ያሸዋል። ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ይጠብቃል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ፊት።

ያን ገመድ ብታዩት! ጭጋጉ ውስጥ ይገባና ይጠፋል፣ ጠፋ ስትሉ ሌላ ቦታ ይወጣል፣ ቀለበት ሠርቶ፣ እየተዘረጋ፣ እየተዘረጋ፣ ተራራው ድረስ የሚሄድ ይመስላል፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ያርፋል። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ይሄው፣ አሁንም አየሁት።

ሰው ግን ምን ያደርጋል፣ ይሰበሰባል፣ ይቀልዳል።

«ሚስተር! ዛሬ ስንት ጭጋግ ያዝክ?»

«ተዉት፣ ዝናብ እየጠራ ነው!»

በዚያ ላይ ከአዴ መዲና አውራ ዶሮ ላባ እየገዛ፣ በሐር ክር መንጠቆ ላይ እያሰረ ዝንብ ይሠራል። አሳው እውነተኛ ዝንብ መስሎት እንዲጎርሰው ነው። አዴ መዲና ይሄን ሲሰሙ፣ «አሰበ ተፈሪ ላይ ዝንብ ጠፍቶ ነው ዶሮዬን የሚያራቁተው? ይምጣና ከቤቴ በነፃ ይውሰድ!» አሉ።

እኔ አልሳቅኩም፣ እኔ እቆጥራለሁ። ወደ ኋላ ስንት ይጠብቃል፣ ወደ ፊት ስንት። አንድ ቀን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየኝና ጠራኝ፣ ዘንጉን በሁለት እጄ አስያዘኝ። የመጀመሪያው ውርወራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። «ጠብቅ፣ ወርቁ» አለኝ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ «ገመድ ከኋላ ይተኛ። ከዚያ አንተ።» በአሥራ አራተኛው ገመዱ ሄደ። ሄደ! እኔ ቆሜ እጄ አብሮ የሄደ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ መላጊያ ስገፋ ገመዱ ነው፣ ስተኛ ገመዱ ነው፣ ልቤ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ቀረ።

ታዲያ የካምፑ ዋና አናጢ ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነና ሚስተር ኤሪክ የአናጢ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ሰው ምረጥ ተባለ። ያ ቁልፍ ማለት፣ ልጆቼ፣ ለእኔ ዓለም ነው። ሙሉ መሣሪያ፣ የራስ ጠረጴዛ፣ በሥርህ አምስት ሰው። አሥራ ሁለት ቀን ድሬዳዋ ሊሰነብት ሲነሳ ዘንጉን ይዞ ቤቴ መጣ። ገመዱ ከሚያልፍባቸው ቀለበቶች አንዱ ክሩ ተበጥሶ ላልቷል።

«ይሄን ቀለበት በክር እሰር» አለኝ። «ሌላ ምንም አትንካ። አባቴ በእጁ ሠራው፣ አባቴ ሞተ። ስመለስ አዋሽ እንሄዳለን፣ እውነተኛ ውሃ። ከዚያ ስለ ቁልፉ እንነጋገራለን።»

ይሄን ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው፣ እናንተም ሰማችሁ። ሌላ ምንም አትንካ። እኔም ሰምቻለሁ። ከአዴ መዲና ቀይ ሐር ወስጄ፣ ክሩን ሳላደራርብ ሠላሳ ሁለት ዙር አሰርኩት፣ በግማሽ ቀን አለቀ። እዚያ ላይ ተነስቼ ብተኛ ምን ነበረበት!

ግን ዘንጉን ሳየው አሳዘነኝ። ደርቋል። እኛ አገር አዲስ ዱላ እንዴት ነው የሚያዘው? ቅቤ ይጠጣል፣ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቀላል፣ ሲቀላና ሲጠነክር ይወርዳል። ቅቤ ያልጠጣ ዱላ ይሰነጠቃል፣ ይሄን ማን ያጣዋል? ደግሞ ሰውየው ራሱ ገመዱን ስብ ይቀባ የለ? ገመዱ ስብ ጠጥቶ ዘንጉ ለምን ይጠማል? እንዲህ አልኩ። ሲመለስ ደስ ይለዋል፣ ወርቁ አሳቢ ነው ይላል፣ ቁልፉን ይሰጠኛል አልኩ። እና ቅቤ አቀለጥኩ፣ ሦስቱንም አሸሁ፣ አሸሁ፣ አዴ መዲና ምድጃ ላይ ሰቀልኳቸው። መካከለኛው ቁራጭ ልክ ከእሳቱ አናት ላይ ነበር።

ጠዋት የአዴ መዲና ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

«ያ ረቢ! ወርቁ! ማል ጎቴ? ምን አደረግክ?»

ሮጬ ብገባ መካከለኛው ቁራጭ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፍቷል። ለካስ አንድ እንጨት አይደለም! ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ ስድስት ቀጫጭን ሦስት ማዕዘን ተልጎ፣ በኮላ ተጣብቆ ነው አንድ የሆነው። እሳቱ ኮላውን አቀለጠው። ስድስቱም ስድስት ቦታ ያያሉ፣ አንደኛውማ ጫፉ ከስሏል።

«ቅቤ አጠጣሁት፣ አዴ።»

«ጠማኝ አለህ?»

«እንደ ዱላ መስሎኝ...»

«ዱላ ቢሆንማ ጀርባህ ላይ እሰብርልህ ነበር! የሰው አባት የሠራው አይደለም እንዴ?»

ቁጭ አልኩ። ቁልፉ ሲሄድ ታየኝ፣ መሣሪያው፣ ጠረጴዛው፣ ሁሉም። «ከመኪና ላይ ወደቀ ብዬ ብነግረውስ?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ዋሽተህ በዚህ በር አትገባም። ንገረው።»

«መጀመሪያ ልጠግነውና እነግረዋለሁ።»

«ጠግነው። ግን ንገረው።»

ታዲያ ልጠግነው ተቀመጥኩ። ስድስቱን ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ቅቤ ካለ ኮላ አይዝም፣ ስለዚህ ከካምፕ ቤንዚን አምጥቼ አራት አራት ጊዜ ጠረግኳቸው። የከሰለውን የሚተካ ቀርከሃ ከየት ይምጣ? ገበያውን ዞርኩ፣ የለም። ማታ ስመለስ አዴ መዲና መጋረጃቸውን አውርደው፣ መስቀያውን፣ ከድሬዳዋ ወንድማቸው የላከላቸውን የቀርከሃ ዘንግ፣ ቤቴ በር ላይ አቁመውታል።

ያን ቀርከሃ ሰንጥቄ ላግኩ። አንዱን አቀጠንኩት፣ አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ ጠመመ፣ አምስት አበላሽቼ ስድስተኛው ገጠመ። ግን ቀለሙን ምን ላድርገው? አምስቱ ማር መስለዋል፣ የእኔው ነጭ ነው። ኮላ አፍልቼ አጣበቅኩ፣ ከዳር እስከ ዳር በክር ጠፍሬ ሰቀልኩት፣ ከእሳት ርቆ! ስድስት ቀን ቆየ። ክሩን ስፈታ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። እና ታውቃላችሁ፣ በእነዚያ ቀናት መፍራቴን እየረሳሁ እሄድ ነበር። የአንድ የማላውቀው የሞተ ሰው እጅ፣ የት ላይ እንዳቀጠነ፣ የት ላይ እንዳወፈረ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዳንዴ አብረን የምንሠራ እየመሰለኝ፣ በበረዶ አገር መስኮት ሥር የተቀመጥኩ እየመሰለኝ።

ሚስተር ኤሪክ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ፣ በማግስቱ ገና ሲነጋ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ጠራኝ። ዘንጉ በጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ ነው። እነግረዋለሁ ብዬ ተሳፈርኩ።

ሚኤሶ ስንደርስ «ሚስተር» አልኩ።

«ምን?»

«ፀሐዩ በረታ።»

አሰቦት ላይ «ሚስተር።»

«ምን?»

«ግመል።»

«አየሁ» አለ።

ቦርደዴ ሻይ ጠጣን፣ እዚያም አፌን ከፍቼ ሻይ ጨመርኩበት። ምን ልበላችሁ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ቁልፉን ያይና ይመለሳል።

አዋሽ ደረስን። ልጆቼ፣ ያን ያህል ውሃ ባንድ ላይ አይቼ አላውቅም፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ የግራሮቹን ጥላ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ወፎቹ በላዩ ላይ እንደ ሕልም ነው የሚያልፉት። ሚስተር ኤሪክ ዘንጉን ገጣጠመ። መካከለኛውን ሲሰካ አየሁት፣ ፊቱ ወደ ውሃው ነው፣ አላስተዋለም። ዝንቡን አሰረ። ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባ። በሁለት እጁ አነሳ።

በእጁ ላይ ቢሰበርስ? የአባቱ እጅ በእጁ ላይ ቢሰበርስ? እኔ እኮ ከዳር ቆሜ ልመለከተው ነው።

«ጠብቅ!» ብዬ ጮህኩ። «ሚስተር፣ ጠብቅ! አበላሽቼዋለሁ!»

ነገርኩት፣ ሁሉንም። ቅቤውን፣ እሳቱን፣ ስድስቱን፣ መጋረጃውን። እሱ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ዘንጉን ወደ ዓይኑ አምጥቶ አየው፣ አዞረው፣ ነጯን አገኛት፣ በአውራ ጣቱ ሄደባት።

«ቅቤ ለምን?»

«እንዳይሰነጠቅ። እኛ አገር ለምንወደው ዱላ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ዞረና ወረወረ። ገመዱ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ወደ ፊት ሲለው ውሃው ላይ ተከመረ። እንደገና ወረወረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠበቀ፣ ከዚያ። ገመዱ ወንዙን ግማሽ አቋርጦ፣ ቀስ ብሎ፣ ከወትሮው ይበልጥ ቀስ ብሎ ተዘረጋና አረፈ። እንደገና። እንደገና። ሃያ ስድስት ጊዜ ወረወረ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ተመለሰ፣ አልተሰበረም። እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ የማየው ሰው ሚስተር ኤሪክ መሆኑን ረሳሁ፣ ወንዙም ቆሞ እኛ የምንሄድ መሰለኝ።

ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አባቴ ሁለት ይቆጥራል» አለ። «አሁን ሦስት ነው። ዘንጉ የሁለታችሁ ሆነ።» ከዚያ ዞሮ አየኝ። «መኪና ውስጥ ስንት ጊዜ ልትነግረኝ ፈለግህ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

ሳቁ መጣ። ዝምተኛው ሰውዬ ሣሩ ላይ እስኪጋደም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንዲህ አለኝ፣ «ካምፕ ውስጥ ብትነግረኝ ቁልፉ ያንተ ነበር። ውሃ ውስጥ ከገባሁ ነገርከኝ። ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንተ ማታ ማታ ና፣ ዘንግ መሥራት አስተምርሃለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። ቁልፉን ሌላ ሰው ያዘው፣ እኔ አራት ወር ማታ ማታ እየሄድኩ ተማርኩ። እሱ ዘንጉን ይዞ አገሩ ገባ። ኋላ ባሌ ተራራ ወንዝ ላይ ለማጥመድ የሚሄዱ ፈረንጆች ከሰው ሰምተው ይመጡ ነበር፣ ሰባት ዘንግ ሠርቻለሁ፣ ሰባቱም በሁለት እጅ የሚያዙ። አንዱም ቅቤ አልቀመሰም።

እና እኔ ነገሩን ሳሰላው፣ አሥራ አንዴ ዝም አልኩ፣ በአሥራ ሁለተኛው ተናገርኩ፣ ሰው ያደረገኝ አሥራ ሁለተኛው ነው እላለሁ።

«አሥራ ሁለተኛውማ ዘግይቶ ነው፣ ጋሼ» አለች ከአድማጮቹ አንዷ። «በአንደኛው ቢሆን ቁልፉንም ይዘው፣ ዘንጉንም ተምረው፣ ሁለት ያገኙ ነበር።»

ሽማግሌው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «እሱንም ቆጥሬዋለሁ፣ ልጄ። እሱንም ቆጥሬዋለሁ።»