ሙሉ ሦስት ደቂቃ

ነይ ናፍቆትዬ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ተቀመጪ። የታክሲው መስኮት አይከፈትም እንጂ ቦታውስ ሰፊ ነው። ሓወይ፣ አንተ ረዳት፣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው እስኪ፣ ጆሯችን ደነቆረ! ... ምን ዓይነት ፀሐይ ነው ዛሬ? ሰኔ ገብቶ አንዲት ደመና የለችም። ከእንዳ ኢየሱስ ሮማናት እስክንደርስ መቅለጣችን ነው። ጫማሽ አዲስ ነው? ያምርብሻል። ቢሮ ስትቀመጪ አውልቂው ብቻ፣ እግርሽ ያብጣል።

ደመና ስል ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ያ ክርክር። አንቺ የፈተና ወረቀት ስታባዢ አመለጠሽ አይደል? ወይኔ፣ ምን ቀረብሽ! የአሥረኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው፣ «በጦርነት አቶም ቦምብ መጣል ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም?» እያሉ ሲከራከሩ... የቤት ሥራ መሥራት የሚያቅታቸው ልጆች እኮ ናቸው።

ምነው፣ ድምፄን ልቀንስ? ለምን? ... ከሹፌሩ ጎን ስለተቀመጡት ባለባርኔጣ ነው? እሳቸውማ ሬዲዮ እያዳመጡ ነው። ደግሞስ እኔ ስለማን አወራሁ? የማወራው ስለ አንድ የተማረ ሰው ነው። ከተማው የተማረ ሰው ሞልቶታል፤ ማንም ሰው ለምን በራሱ ይወስደዋል?

እና የዋና ዳኝነቱን ወንበር የያዙት ሰው፣ ክርክሩ ሳይጀመር ትንሽ ማብራሪያ ሰጡ። ትንሽ ስልሽ አርባ ደቂቃ ነው። ወረቀት አይመለከቱ፣ አይደናቀፉ! ጦርነቱ ቢቀጥል ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ ስንት ወታደር እንደሚያልቅ፣ ሁለት ከተማ በመመታቱ ስንት ሌላ ሰው እንደተረፈ... «ልጆች፣ ታሪክ ስሜት አይደለም፣ ሒሳብ ነው» አሉ። እኔ የአማርኛ አስተማሪዋ ደግሞ ታሪክ የሰው መስሎኝ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። አየሽ፣ ሰው ሳያውቅ ያረጃል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። የመጀመሪያዋ ከተማ ሒሳብ ናት እንበል። ከሦስት ቀን በኋላ የተመታችው ሁለተኛዋስ ምንድን ናት? ሒሳቡን ማረጋገጫ? ... ደግሞ ያን ዕለት የታሰበችው ሌላ ከተማ ነበረች አሉ። ሰማዩ ተሸፍኖ አልታይ ስላለች ተረፈች። ሰማይ አይታረስም ይላሉ አበው። ከላይ የሚዘራውን ስላላዩ ነዋ!

እንዲህ ያለ ጀግንነት ሁሉም ሰው የለውም፣ ናፍቆትዬ። የሩቅ ቦምብ የማይፈራ ልብ... ባለፈው ጥር የትምህርት ቤቱ ጀነሬተር ጧ ሲል አስተማሪዎች ማረፊያ ነበርሽ? ከጠረጴዛው ሥር መጀመሪያ የገባው ማን ነበር? እኔ ስም አልጠራም። መነጽሩን ፈልጌ ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። አልስቅባቸውም፤ በደርግ ጊዜ አውሮፕላን ያየ ሰው ይደነግጣል። የገረመኝ ሌላ ነው፤ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው ቦምቡን ለሌላው ሲያካፍል እጁ እንዴት አይንቀጠቀጥም?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ነገር አለ። እኛ ጋ የተወጋው አዳራሽ ይጠርጋል። ለተመድህንን ታውቂያት የለ፣ የጽዳቷን? የግራ ክንዷ ከትከሻ በላይ ለምን እንደማይነሳ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም። በዚያው በደርግ ጊዜ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ከእናቷ ጋር ገበያ ወጥታ ነው፤ አውሮፕላን መጣ። ሰማዩ የጠራ ነበር፤ ደመና አልነበረም። እሷ ከነክንዷ ተመለሰች፤ እናቷ አልተመለሱም። ጦርነቱን ለማሳጠር ይሆናላ! ... ያኔም አንድ ሒሳብ የሚችል ሰው ነበረ ማለት ነው።

ያን ዕለት መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ልጇ ኣሪያም ዕጣ አውጥታ ምን ደረሳት መሰለሽ? «ተገቢ ነበር» የሚለው ወገን። ዕጣ ነው፤ ማን ይወቀሳል? ልጅቷ ማይክራፎኑን ያዘችና፣ «ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ግን እናቴ በር ላይ ናት። መጀመሪያ እሷን ላስፈቅድ» አለች። ከዚያ ዞራ እናቷን ማየት ጀመረች። ለተመድህን መጥረጊያውን አጥብቃ ያዘች እንጂ ቃል አልወጣትም። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉናል፤ እኛ ትምህርት ቤት ግን ዜሮ ነው። «ስሜት ክርክር አይደለም፣ ከርዕስ ውጪ!» ተብሎ ለልጅቷ ተጻፈላት፤ ከሠላሳ፣ ዜሮ። ፍትሕ ማለት ይኼ ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛ ልጅ ብለው እንኳ አላዳሉም!

ልጅቷ በነፃ የምትማረው ከአንድ እስከ ሦስት ስትወጣ ነው። በዚህ ዜሮ ዘጠነኛ ትሆናለች። ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ የላትም። ቢሆንስ? ሠላሳ ዘጠኝ ልጆች ሥርዓት እንዲማሩ አንዷ ብትወጣ... ብዙው ይተርፍ የለ? ሒሳብ ነው።

እኔስ? እኔ ምን አገባኝ! እኔማ ሰዓት ጠባቂዋ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ደቂቃ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ደወል። ኣሪያም እናቷን ስታይ ዋናው ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። እኔም ደወሉን መታሁት። ከመታሁት በኋላ ሰዓቴን ሳየው አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ነው... አሪፍ ሰው እኮ ነኝ! በዓይን ታዝዤ የሰው ልጅ አፍ ዘጋሁ። ከላይ ሆኖ ቁልፍ የሚጫነውም እንዲህ ይሆናል የሚለው፤ «አየኝና ተጫንኩ።» ከዚያ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። እኔም በልቻለሁ፣ ሽሮ ነበር።

ታዲያ ነገ ከሰዓት ግምገማ አለን አይደል? ሁላችንም ግለ ሂስ እናወርዳለን። የእኔ አጭር ናት። «እኔ ሸዋወርቅ፣ ደወሉን ጊዜው ገና ሲጋመስ መታሁ፤ ያየኝም ሰው አለ» እላለሁ። ዳይሬክተሩ ክርክሩ ይደገም ካሉ ይደገማል። እኔን ካባረሩኝም... አንድ ሰው ለብዙው ብሎ ቢሄድ ምን አለበት? አንቺ ብቻ ያን ውጤት እስከ ነገ ማታ እንዳትተይቢው። ኮምፒውተሩ ተበላሸ በይ፤ ጀነሬተሩም ይመሰክርልሻል።

ምን አሉ ከፊት? ወራዲ ኣሎ? ሊወርዱ ነው? ገና ሮማናት አልደረስንም እኮ! ... ሙቀቱ ይሆናል፣ እውነታቸውን ነው። ጋሼ፣ ባርኔጣዎ ወንበሩ ላይ ቀረ! አቀብላቸው ሓወይ።

በይ በሩ ሳይዘጋ ያን የተማረ ሰው አብረን እንመርቃቸው፤ መልካም ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም። እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። የልጅ ልጅ ያሳያቸው፤ ያን የልጅ ልጅ ከጥቂቶቹ ጋር የሚቆጥርባቸው ሒሳብ አዋቂ አያምጣባቸው። በቤታቸው ላይ ያለው ሰማይ ሁልጊዜ ደመናማ ይሁን። በስተመጨረሻም፣ የለተመድህን እናት ዘንቢላቸውን እንደያዙ መጥተው፣ «ልጄ፣ እስኪ ለእኔም አስረዳኝ» ሲሏቸው... ሙሉ ሦስት ደቂቃ ይስጣቸው። ደወሉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንዲት ሰከንድ አልቀንስባቸውም።

አሜን በይ እንጂ፣ ናፍቆትዬ!