ሁዳዴን የከረመ ቅቤ

ፌስቡክ አገራችን በገባ ሰሞን ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት፣ አጠገቧ ላሉት እናት ስልኳን ታሳያለች።

«በፌስቡክ ቅቤ እሸጣለሁ። አዲስ አበባ የላክሁላት ሴትዮ ‹የሸተተ ነው፣ እንዳትገዟት› ብላ ጻፈችብኝ። ያዘዙኝም ሁሉ ቀሩ።»

«ሸትቶ ነበር እንዴ?»

«ለጋ ነበር እማማ! እኔ የላክሁት ለቅበላ፣ እሷ የከፈተችው ለፋሲካ!»

«ሁዳዴን ሙሉ ሳታነጥረው?»

«በጾም ቤቴ ቅቤ አይሸትም ብላ።»

«አይ ልጄ! እኔንም እንዲሁ አድርጋኛለች አንዷ። ለቅበላ የገዛችኝን ቅቤ ለፋሲካ ከፍታ፣ ማንኩሳ ገበያ መጥታ በሰው ፊት ሰደበችኝ።»

«ምን አሏት?»

«‹እንኳን አደረሰሽ› አልኋት። ምን ልበላት፣ የፋሲካ ወጧ ተበላሽቶባት?»

«አፈረች?»

«ወዴት አፍራ! እስካሁን ከሌላ ነው የምትገዛ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በሳምንቱ ቅቤዬን ይዤ እዚያው ቦታዬ ተቀመጥሁ።»

ልጅቱ ስልኳን ትክ ብላ አየች።

«እኔም ‹እንኳን አደረሰሽ› ልበላት?»

«በያት። ግን ለቅበላ የላክሽው መሆኑንም ጻፊው፤ እኔ ያን ጊዜ ይህን ሳልናገር ቀረሁ።»

ልጅቱ መጻፍ ጀመረች።

እኔ ማንኩሳ ወራጅ ነበርሁ፤ ጽፋ ስትጨርስ ላይ ብዬ ሳልወርድ አለፍሁት።